መንገዱ የማን ነው? የእግረኛና የብስክሌት ነጂ የቅድሚያ ታሪክ

 

ዛሬ የማነሣው ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። እግረኛና ብስክሌት ነጂ መንገድ ማቋረጫ ላይ ቢገናኙ ቅድሚያው የማን ነው? ትንሽ አለመሆኑን የተረዳሁት በሥራዬ ነው። እኔ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ፤ በዕብራይስጥ ኦቬደት ሶጺያሊት የሚሉት ማለት ነው። ወደ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ስለ ቤት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ነው። አንድ ቀን ግን ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ብስክሌት ምክንያት መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሠራበት ሠፈር አንዲት አዛውንት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ከፋሲካ በዓል ሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ኩፓት ሖሊም ሲሄዱ አረንጓዴው መብራት በራላቸውና በነጩ መስመር ላይ መንገዱን ማቋረጥ ጀመሩ። መሐል ሳይደርሱ አንድ የ15 ዓመት ልጅ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ከእግረኛው መንገድ ወርዶ በዚያው መስመር ላይ ሲያልፍ ገጫቸው። ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጁ የሌላ ሰው ልጅ አይደለም፤ በአንድ ደረጃ የሚወጡ፣ በአንድ ምኩራብ የሚጸልዩ ጎረቤቶቻቸው ልጅ ነው።

ልጁ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ሦስት ነገር ነበረው። «ነጩ መስመር ላይ ነበርኩ፤ መብራቱም አረንጓዴ ነበር፤ ደወሉንም ደውያለሁ» አለ። እማማ ደግሞ፣ «መስመሩ ላይ ከሆንሽ ማንም አይነካሽም ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ አይደላችሁም ወይ?» አሉኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሁለቱም መብቱ የእኔ ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች ግን ሰላምታ አቆሙ። ሽማግሌዎች ገቡበትና ሕጉን እንዳስረዳ ጠሩኝ።

ሕጉን ብቻ ብነግራቸው አንዱ ወገን ረታ፣ ሌላው ተረታ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሕጉ ከየት እንደመጣ አንብቤ ሄድኩ። ለእነርሱ የነገርኳቸውን ዛሬ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እኛ ቅድሚያ የሚባለውን ነገር እዚህ አገር መጥተን አይደለም የተማርነው። አባቴ እንደነገሩኝ በጎንደር ገጠር በጠባብ የእግር መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ባዶ እጁን ያለው ሸክም ለያዘው፣ ወጣቱ ለሽማግሌው፣ ባለ በቅሎው እንስራ ላዘለችው ሴት ዘወር ይል ነበር። ጽሑፍ አልነበረውም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። የደከመው ያልፋል፣ የበረታው ይቆማል ነው ነገሩ። የአውሮፓ ከተሞች ወደዚሁ አሳብ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ብዙ ሰውም ሞቶባቸዋል።

ደወሉ

የብስክሌት ታሪክ የሚጀምረው በ1817 በጀርመን አገር ነው። ካርል ድራይስ የሚባል ሰው ሁለት ጎማ ያለው፣ ፔዳል የሌለው፣ ተቀምጠውበት በእግር መሬቱን እየገፉ የሚሄዱበት የእንጨት መሣሪያ ሠርቶ በማንሃይም ከተማ ነዳው። በዚያን ዘመን የሠረገላው መንገድ በጎማ የተቦረቦረና ጭቃ ስለነበረ ነጂዎቹ ለስላሳውን የእግረኛ መንገድ መረጡ። ጠቡም ወዲያውኑ ተጀመረ። ማንሃይም በዚያው ዓመት መጨረሻ መሣሪያውን በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ከለከለች፤ በለንደንም በ1819 ነጂዎች ይቀጡ ነበር። ዛሬ ሠፈራችን ውስጥ የምንሰማው «ከእግረኛ መንገድ ውረድ!» የሚል ጩኸት እንግዲህ ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ነው።

እንግሊዞች በ1835 የመንገድ ሕግ አወጡና በመንገድ ዳር ባለው የእግረኛ መተላለፊያ ላይ በፈረስም ሆነ በሠረገላ መሄድን ከለከሉ። በኋላ ፔዳል ያለው ብስክሌት ሲመጣ ጥያቄ ተነሣ። ይህ ነገር ምንድን ነው? ሠረገላ ነው ወይስ በጎማ የሚሄድ ሰው? በ1879 አንድ ሰው በብስክሌት እጅግ ፈጥኖ በመንዳቱ ተከሶ ለፍርድ ቀረበ፤ ዳኞቹም ብስክሌት እንደ ሠረገላ ይቆጠራል ብለው ፈረዱ። በ1888 ደግሞ ምክር ቤቱ ይህንኑ በሕግ አጸደቀው።

ይህ ውሳኔ ለብስክሌት ነጂው ሁለት ነገር አደረገ። በአንድ በኩል ክብር ሰጠው፤ እንደ ማንኛውም ባለ ሠረገላ በአውራው መንገድ ላይ የመሄድ መብት አገኘ፤ ከመንገድ ውጣ የሚለው ሁሉ አፉን ያዘ። በሌላ በኩል የእግረኛውን መንገድ ወሰደበት። ሠረገላ ከሆንክ እንደ ሠረገላ ሁን፤ በእግረኛ መንገድ ላይ አትሂድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች የተከተሉት ይህንኑ ነው። የእኛም አገር ሕግ ብስክሌትን እንደ ተሽከርካሪ ነው የሚያየው።

በዚያው በ1888 ሕግ ውስጥ ስለ ደወል የተጻፈ ነገር ነበረ። ብስክሌት ነጂ ሠረገላን፣ ፈረስን ወይም እግረኛን ከኋላ ደርሶ ሲያልፍ ደወል ወይም ፊሽካ እያሰማ መምጣቱን እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ልብ በሉ፤ ደወሉ የታዘዘው ለነጂው እንደ ግዴታ ነው። መጣሁ፣ ተጠንቀቅ ማለት ነው እንጂ መንገዱን ልቀቅልኝ ማለት አይደለም። ደግሞስ ጆሯቸው የደከመ እናት ደወሉን ካልሰሙ ማን ሊጠየቅ ነው?

መብራቱ

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት የተተከለው በታኅሣሥ 10 ቀን 1868 በለንደን፣ ከእንግሊዝ ምክር ቤት አጠገብ ነው። ያን ጊዜ መኪና አልነበረም፤ ሆኖም የፈረስ ሠረገላው ብዛት ሰውን አላሳልፍ ብሎ ነበር። ጆን ፒክ ናይት የሚባል የባቡር መሐንዲስ ለባቡር የሚሠራውን ምልክት ወደ ከተማ አመጣው። ቀን ቀን በክንድ መሰል ሰሌዳ፣ ማታ ማታ በጋዝ በሚነድ ቀይና አረንጓዴ መብራት ይሠራ ነበር፤ የሚያዘውም አንድ ፖሊስ ነው። ብዙ አልቆየም፤ በ1869 መጀመሪያ ላይ ጋዙ ፈንድቶ ፖሊሱን ጎዳውና መብራቱ ተነሣ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር መብራቱ ከመጀመሪያው ሠረገላውን አቁሞ እግረኛውን ለማሳለፍ የታሰበ መሆኑ ነው። ዛሬም ማቋረጫ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ምልክት በእግሩ የሚራመድ ሰው ሥዕል አለበት። ያ ሥዕል የሚናገረው ለእግረኛ ብቻ ነው። ብስክሌት የሚያልፍበት ሲሆን የብስክሌት ሥዕል ያለበት መብራት ለብቻው ይተከላል። ልጁ «መብራቱ አረንጓዴ ነበር» ያለው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን መብራቱ የበራው ለእማማ እንጂ ለእርሱ አልነበረም።

መስመሩ

መኪና ከመጣ በኋላ ነገሩ ከፋ። ነሐሴ 17 ቀን 1896 ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል የ44 ዓመት ሴት በለንደን ከልጇ ጋር ስትሄድ በመኪና ተገጭታ ሞተች። በእንግሊዝ አገር መኪና የገደላት የመጀመሪያዋ እግረኛ እርሷ ናት። ከዚያ በኋላ የሞተው ሰው ቁጥር እየጨመረ ሄዶ በ1934 ብቻ በብሪታንያ መንገዶች ላይ 7,343 ሰዎች ሞቱ።

በዚያው ዓመት ሌስሊ ሆር-ቤሊሻ የሚባል ሰው የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ይህ ሰው ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነው። እንደተሾመ በለንደን ከተማ በእግሩ ማቋረጫ ላይ ሲያልፍ አንድ ፈጣን መኪና ሊደፈጥጠው ለጥቂት ሳተው። ሚኒስትሩ ይህን አልረሳም። በየማቋረጫው ዳር ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ ምሰሶ፣ ከላዩም ብርቱካን ቀለም ያለው ሉል እንዲተከል አዘዘ። ሰዉም ምሰሶውን በስሙ ጠራው፤ እስከ ዛሬም የቤሊሻ ምሰሶ ይባላል። ልጆች ሉሉን በድንጋይ እየመቱ ይሰብሩት እንደነበር ይነገራል። የሆነ ሆኖ አሽከርካሪው «እዚህ ቦታ ላይ የእግረኛ መብት አለ» የሚለውን ከሩቅ ማየት ጀመረ።

ምሰሶው ብቻውን ግን አልበቃም፤ አስፋልቱ ላይ የነበረው ምልክት አይታይም ነበር። ከ1949 ጀምሮ በብዙ ቦታ ልዩ ልዩ ቀለም ተሞከረ። በመጨረሻ የተመረጠው እናንተ ዛሬ በየመንገዱ የምታዩት ጥቁርና ነጩ ወፍራም መስመር ነው። ጥቅምት 31 ቀን 1951 በእንግሊዝ ሕግ ሆኖ ጸና፤ መልኩ የሜዳ አህያ ስለሚመስል ዜብራ ተባለ። በዕብራይስጥ ማዓቫር ሐጻያ እንለዋለን። ይህን ቃል ልጆቻችሁን ብቻ ሳይሆን አያቶችንም አስተምሯቸው።

ከዚያ በኋላ አገሮች ተሰብስበው ኅዳር 8 ቀን 1968 በቪየና ከተማ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ተፈራረሙ። እስራኤልም ከስምምነቱ አባል አገሮች አንዷ ናት። ስምምነቱ አሽከርካሪው ወደ ማቋረጫ ሲቃረብ እንዲያቀዘቅዝና አስፈላጊ ሲሆን ቆሞ እግረኛውን እንዲያሳልፍ ያዝዛል። እግረኛውንም ግን ዝም ብሎ አላለፈውም፤ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ርቀትና ፍጥነት ሳይመለከት ዘሎ እንዳይገባ ያስጠነቅቀዋል። ሌላም ነገር አለው፤ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ የሚሄድ ሰው እንደ እግረኛ ይቆጠራል ይላል። ከብስክሌቱ ላይ ያለ ሰው ባለ ተሽከርካሪ ነው፤ ወርዶ ሲገፋው ግን እግረኛ ይሆናል። በአንድ እርምጃ መብቱም ግዴታውም ይለወጣል ማለት ነው።

የእኛ አገር ሕግ

በእስራኤል የመንገድ ደንብ የሚባለው በ1961 የወጣውና በየጊዜው የሚሻሻለው የትራፊክ ደንብ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልጉትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በማዓቫር ሐጻያ ላይ እግረኛ ካለ ማንኛውም ነጂ እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃል። ማንኛውም ነጂ ሲባል በአስፋልቱ ላይ የሚመጣ ብስክሌት ነጂም አለበት። ሁለተኛ፣ ብስክሌት ነጂ በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ራሱ መንገዱን ማቋረጥ ሲፈልግ ወርዶ እየገፋው ማለፍ አለበት። እየነዱ ማቋረጥ የሚቻለው ለብስክሌት ተብሎ በተሠመረ ማቋረጫ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ በሚድራኻ፣ ማለትም በእግረኛ መንገድ ላይ፣ ብስክሌት መንዳት የተከለከለ ነው፤ የብስክሌት መንገድ ተብሎ ምልክት ከተደረገበት ክፍል በቀር። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጠብ ያመጣል፤ በብዙ ከተሞች የብስክሌቱ መንገድ የተሠራው ከእግረኛው መንገድ ላይ ተቆርሶ ስለሆነ አዲስ ሰው ሳያውቅ ይሄድበታል። ብስክሌት የተሣለበትን መሬት ካያችሁ ልጅ ይዛችሁ አትቁሙበት።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «እየነዳ ቢያልፍ ምን አለበት? ለምን ይወርዳል?» እያሉ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ሰው በደህና እርምጃ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህ በአንድ ሴኮንድ ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት የተፈቀደለት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ በአንድ ሴኮንድ 7 ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ስፋቱ 7 ሜትር የሆነ መንገድ እግረኛውን 5 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ብስክሌቱን አንድ ሴኮንድ ብቻ። ወደ ማቋረጫ የሚመጣ ባለ መኪና ግራና ቀኝ አይቶ ማንም የለም ሲል የሚያስበው በእግረኛ እርምጃ ነው። ብስክሌቱ ግን ዓይኑን ዞር ባደረገበት ቅጽበት ከየት መጣ ሳይባል መሐል መንገድ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ውረድ የሚለው ሕግ እማማን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ልጁንም ከመኪና ይጠብቀዋል። ይህን ስናገር የልጁ አባት አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረ። ከ2016 ወዲህ በእስራኤል ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መንዳት አይፈቀድለትም። አባትየው ይህን አያውቁም ነበር። ብስክሌቱን ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙለት ወደ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ሁለት ጊዜ እየቀየረ ስለሚሄድ ነው። ሻጩም አልነገራቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። ልጁ መንዳት የተማረው በዮም ኪፑር ቀን ነው። በዚህ አገር በዚያን ቀን መኪና ስለማይነዳ መንገዱ ባዶ ይሆንና ልጆች በብስክሌት ይሞሉታል። እኛ በአገር ቤት አስተስርዮን በጾምና በጸሎት ብቻ የምናውቅ ሰዎች መጀመሪያ ስናይ እንደነግጣለን። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ የተማረው ማንም በሌለበት፣ ለማንም መቆም በማያስፈልግበት መንገድ ላይ ነው። በማግስቱ ግን መንገዱ ሌላ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በለንደን በ2016 አንዲት እግረኛ በብስክሌት ተገጭታ ሞተች፤ ብስክሌቱ የፊት ፍሬን አልነበረውም። ነጂው በ2017 ለፍርድ ሲቀርብ የተፈረደበት በ1861 በወጣ፣ ስለ ሠረገላ አነዳድ በተጻፈ ሕግ ነው። በፈረስ ዘመን የተጻፈ ሕግ ከ150 ዓመት በኋላ ለብስክሌት ዋለ ማለት ነው። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ እንግሊዞች የመንገድ መመሪያቸውን አሻሽለው ሌላውን ይበልጥ ሊጎዳ የሚችል ሰው ይበልጥ ኃላፊነት አለበት አሉ። ባለ ጭነት መኪናው ለትንሹ መኪና፣ ባለ መኪናው ለብስክሌቱ፣ ባለ ብስክሌቱ ለእግረኛው ይጠንቀቅ ነው የሚለው። ይህን ሳነብ አባቴ ስለ ጠባቡ መንገድ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ለሽማግሌዎቹም ይህንኑ ስነግራቸው አንዱ ሣቅ ብለው «ታዲያ ይህን ለማወቅ ፈረንጅ ምን አደከመው?» አሉ።

የሁለቱን ቤተሰቦች መጨረሻ ልንገራችሁ። አባትየው ልጃቸውን ይዘው ከሽማግሌዎች ጋር ወደ እማማ ቤት ሄዱ። ልጁ ራሱ ተናገረ፤ ይቅርታ ጠየቀ። እማማም «እጄስ ይድናል ልጄ፤ እግሬ ነው የፈራው» አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ እስከ ማቋረጫው ድረስ የሚሸኛቸው እርሱ ነው። ብስክሌቱ 16 ዓመት እስኪሞላው በደረጃው ሥር ተቆልፎ ቆሟል። ሰላምታው ተመልሷል። እማማ ግን እስከ ዛሬ ደወል ሲሰሙ ቆም ብለው ወደ ኋላ ይመለከታሉ። ይህን ሽምግልና አላዳነውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ጥቂት ነገር አደራ ልበላችሁ። ለልጃችሁ ብስክሌት ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ዓመት እንደተፈቀደ ጠይቁ። ማቋረጫ ላይ ሲደርስ ወርዶ እንዲገፋ እናንተ ፊት ደጋግሞ ያድርገው፤ የራስ መከላከያውንም ቆብ ሳያደርግ አይነሣ። ዕድሜያቸው ከ9 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ አዋቂ መንገድ አያቋርጡ። እናንተ እግረኞችም መስመሩ መብት ቢሰጣችሁም ዓይናችሁን አትንሡት፤ ከመግባታችሁ በፊት ግራና ቀኝ እዩ፤ መኪናው ቢቆምላችሁም በጎኑ ብስክሌት እንዳይመጣ ተመልከቱ። አደጋ ከደረሰ ሽምግልናው ይቆያችሁ፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ለፖሊስ አስመዝግቡ፣ ወረቀቱን ሁሉ አስቀምጡ። ሽምግልና ልብን ያስታርቃል እንጂ የሐኪምን ወረቀት አይተካም። ወረቀቱን ማንበብ ቢያስቸግራችሁ በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ያለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ጠይቁ፤ ለዚሁ ነው የተቀመጥነው።